የእማዬ ሚስኮል

እናቴ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ በስልክ መነጋገሩን ትተነው ነበር። እኔ እጮኻለሁ፣ እሷ «እ? ማነህ? ከፈለኝ ነህ?» ትላለች፣ መጨረሻ ላይ ሁለታችንም ተናደን እንዘጋለን። ዘዴውን ያመጣችው እሷው ናት። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ጊዜ ሚስኮል ታደርጋለች፤ «አለሁ» ማለቷ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ እመልሳለሁ፤ «እኔም ደህና ነኝ» ማለቴ ነው። ጥሪውን ስለማትሰማው ስልኩን በመዳፏ ጨብጣ ትቀመጥና ሲንቀጠቀጥ ትቆጥራለች። ይህን የነገረችኝ ታላቅ እህቴ ትርፌ ናት፤ እኔማ አይቼው አላውቅም።

እሷ መንዝ፣ እኔ ቴፒ። መኪና ካልተበላሸ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ወደዚህ የመጣሁት ለአንድ የቡና ሰሞን ብዬ ነበር፤ ይኸው አስራ ስድስት ዓመቴ። በሸኮ በኩል ካሉ ገበሬዎች ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና ማለቴ ነው፣ እየገዛሁ ለትልልቅ ነጋዴዎች አስረክባለሁ። እዚሁ ዲቦራን አገባሁ። የጌጫ ልጅ ናት፣ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሲሆነን እናቴ ዘንድ አንድ ቀን ወስጄ አላሳየኋትም። «ለፋሲካ እንሄዳለን» እላታለሁ። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ መጠየቅ ከተወች ቆይታለች።

እውነቱን ልናገር ከተነሳሁ ሁሉንም ልናገር። ሚስኮሉን መጀመሪያ ላይ እወደው ነበር። ሦስት ሰዓት ባይሆን በስድስት፣ እሑድ ባይሆን ሰኞ፣ ብቻ ትዝ ሲለኝ እመልሳለሁ። በኋላ ግን እሑድ ጠዋት ከጓደኞቼ ከነፍሬአብ ጋር ቁርጥ ቤት መቀመጥ ለመድኩ። ስጋው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ ስልኬ አንዴ ይጠራና ዝም ይላል። ፍሬአብ ነገር አያልፈውም። «ማናት ይቺ ደግሞ፣ በየሳምንቱ ደውላ የምትዘጋዋ? ሚስትህ ታውቃለች?» ይላል፣ ሰዉ ይስቃል። «እናቴ ናት» ብል ያበቃ ነበር። ሁለት ቃል ናት። እሷን ማለት አቃተኝ። የአርባ አራት ዓመት ሰው፣ ባለ መጋዘን፣ እናቱ በሚስኮል የምትቆጣጠረው እንዳይሉኝ ብዬ ፈገግ አልኩ። ውሽማ ያለኝ መስሎ መታየቱ ይሻለኛል አልኩ በሆዴ። እናቴን በውሽማ ለወጥኳት ማለት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲም ካርዴን አውጥቼ ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ውስጥ ከተትኩና ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ለራሴ ሌላ ቁጥር አወጣሁ። አዲሱን ቁጥር ለትርፌ ሰጠኋት፤ እናቴ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምታውቀው፣ ሌላ ማን ያስተምራታል።

ዲቦራን ጠርቼ «እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ አንዴ ይጠራል። ሁለት ጊዜ ደውለሽ ዝጊ» አልኳት።

«ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትያትም። መዝጋት ነው።»

«አንተ እንዳልሆንክ ቢያውቁስ?»

«በምን ታውቃለች?» አልኩና ወጣሁ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከቁርጥ ቤት ስመለስ «ደወለች?» እላለሁ። ዲቦራም «ደውለዋል» ትላለች። ከዚያ መጠየቁንም ተውኩት። ለአዲስ ዓመትና ለገና ለትርፌ ደውዬ እንኳን አደረሰሽ እላታለሁ። ዘንድሮ «እማዬስ?» ስላት ለአዲስ ዓመት «ቤተ ክርስቲያን ናት» አለችኝ። ለገና «ተኝታለች» አለችኝ። ሁለቱንም ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል ነበር ያለኝ። መጮህ ቀረልኝ አልኩ።

በጥር፣ አንድ ሰኞ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ኸይሩ ናቸው፤ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው፣ የዕድራችን ዳኛ። ከኋላቸው ሰባት ስምንት ጎረቤት ቆሟል። በዚያ ሰዓት፣ ያንን ያህል ሰው ሆኖ፣ ዝም ብሎ በር ላይ የሚቆም ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እኔ ግን ለዲቦራ ወገን ነው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ዞር ብዬ እሷን ነው ያየኋት።

«ከፈለኝ፣ ተቀመጥ» አሉኝ ጋሽ ኸይሩ።

«ለምን እቀመጣለሁ?»

«ተቀመጥ ስልህ ተቀመጥ። ጠንከር በል። እናትህ አርፈዋል።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተቆጣሁ። ሰፈር እስኪሰማ ድረስ ጮህኩባቸው። «ማን ነው እንዲህ ያላችሁ? ደህና ናት! ትላንት ደውላልኛለች!»

ትላንት መደወሏን አላውቅም ነበር። ትላንት ቁርጥ ቤት ነበርኩ። አፌ ብቻውን ነው የተናገረው።

ዲቦራ ከኋላዬ «አዎ፣ ደውለዋል» አለች።

ጋሽ ኸይሩ ግራ ገብቷቸው ወደ ኋላ ዞሩ። ሰዎቹ ገለል ገለል ሲሉ ከመካከላቸው ትርፌ ወጣች። ከል ለብሳለች። እጇ ውስጥ የእናቴ ስልክ አለ፣ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ።

«እኔ ነኝ ወንድሜ» አለች። «ከቦንጋ ነው የደወልኩት፣ መኪናው ለቁርስ ሲቆም። ማታ ደርሼ እኚህ አባት ቤት ነው ያደርኩት። እማዬ ካረፈች ሰባት ወሯ ነው።»

ሰባት ወር። በሰኔ ነው የሞተችው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻህን ሳለህ ሰምተህ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል? ሰው መጥቶ፣ ጎረቤትህን ሰብስቦ ነው የሚነግርህ። ትርፌ ክረምቱ እስኪወጣ፣ ከዚያ ደግሞ አዝመራው እስኪሰበሰብ ጠበቀች። እስከዚያው እንዳንጠረጥር እሑድ እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ የእናቴን ስልክ እያነሳች አንድ ጊዜ ትደውል ነበር። መሬት ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ያለቀስኩት የእውነቴን ነው፣ ይህን ማንም አይንሳኝ። ግን እያለቀስኩም አንድ ሐሳብ እንደ እሾህ ውስጤ ቆሞ ነበር፤ ሰባት ወር ሙሉ እናቴ እንደሌለች ሳላውቅ ስጋዬን ስበላ ነው የከረምኩት።

ድንኳን ተተከለ። ለቅሶ ደራሽ መጣ፣ ከሚዛንም ጭምር። ዲቦራ ወዲያና ወዲህ ስትል ትርፌ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሰው በገባ ቁጥር ስለ እኔ ታወራለች።

«እንዲህ ያለ ልጅ አላየሁም» ትላለች። «እሑድ አንዲት ቀን ዘሏት አያውቅም። እማዬ ስልኳን ጨብጣ ትቀመጣለች፣ ሁለት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ‹ልጄ ደህና ነው› ትላለች። ደስ ብሏት ትውላለች።»

ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዲት ሴትዮ «የተባረክ ነህ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ግን መሬቷ አልተከፈተችም፣ እኔም «ኧረ እኔ አይደለሁም» አላልኩም። ይባስ ብዬ ጨመርኩበት። «ምን ሥራ ቢኖርብኝ፣ የትም ብሆን ተነስቼ እወጣና እደውልላት ነበር» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ዲቦራ የሻይ ትሪ ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ትሪዋ አቀረቀረች።

የባሰው ከፍሬአብ መጣ። ተነስቶ እፊቴ ተንበረከከና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ለካ እናትህ ነበሩ! እኛ ደግሞ ባለጌዎቹ… ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ በእናትህ ቀለድኩ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። እኔ! እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ይቅር አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሳ። ማታውኑ ሦስታችን ብቻ ቀረን። ትርፌ ይዛው የመጣችውን ኬሻ ጎትታ አመጣችና አፉን ፈታችው። ባና ነበር፤ የመንዝ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ገና የጸጉሩ ቅባት ሳይጠፋ በግ በግ የሚሸት። እናቴ ጸጉሩን በእጇ ፈትላ ለሸማኔ የሰጠችው ነው። ከድሮ ጀምሮ «ባናህን እየፈተልኩልህ ነው» ትለኝ ነበር። ቴፒ ውስጥ ሰው በአንሶላ ያልበዋል፣ ባና ምን ይሠራልኛል እያልኩ ስቄባት አውቃለሁ። አሁን ሳየው ግን ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

ትርፌ ባናውን ወደ ራሷ ሳበችው። «ያንተ አይደለም» አለች።

ከዚያ ወደ ዲቦራ ዞረች። «ነይ እስቲ እህቴ። ያንቺ ነው። ‹ለምትደውልልኝ ልጅ ስጪልኝ› ብላለች።»

ዲቦራ ባናውን ተቀበለች። ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

«እማዬ ታውቅ ነበር?» አልኩ።

«እንዴት አታውቅ? አንተ መቼ በሰዓትህ መልሰህ ታውቃለህ? አንዴ ማታ፣ አንዴ በማግስቱ። ከዚያ በአንድ ጊዜ፣ ገና ስልኩን ከመዳፏ ሳታወርድ መልስ መምጣት ጀመረ። ‹ይሄ የከፈለኝ እጅ አይደለም፣ የሚስቱ ነው› አለችኝ በሁለተኛው ሳምንት። ደግሞም ሁለት አይደለም፣ ሦስት ነው።»

«ሦስት?»

«ሦስት ጊዜ ነው የምትደውለው። ድንኳን ውስጥ ሁለት ያልኩት ላንተ ብዬ ነው፣ በሰው ፊት እንዳታፍር።» ወደ ዲቦራ አየች። «ሦስተኛዋ ያንቺ ናት አይደል?»

ዲቦራ ባናውን እቅፍ አድርጋ ነበር። «ሁለቱ የእሱ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «እኔም አለሁ ማለት ፈለግኩ። ሌላ በምን እላለሁ? ስሜን እንኳ የሚያውቁት አይመስለኝም ነበር።»

«ታውቃለች። ‹ዲቦራ የደጋ ልጅ ናት፣ ጌጫ ብርድ ነው አሉ፤ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትወጣ ትለብሰዋለች› ብላ ነው ፈትላ የጨረሰችው።»

ጌጫ ደጋ መሆኑን ለእናቴ የነገርኳት አንድ ጊዜ ነው፣ በሰርጋችን ሰሞን፣ ስልክ ላይ እየጮህኩ። ሰምታኝ ኖሯል። ዘጠኝ ዓመት ይዛው ኖራለች።

ያፈረ ሰው ማድረግ የማይገባውን ያደርጋል፤ ተቆጣሁ። «ታዲያ እኔ እንዳልሆንኩ እያወቅሽ ከሞተች በኋላ ሰባት ወር ማንን ስታታልዪ ነው የከረምሽው?» አልኳት ትርፌን።

እህቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ያንተን ነገር ሳይሆን የዲቦራን ነው ያሰብኩት» አለች። «ባቋርጥ የምትደነግጠው እሷ ናት። አንተማ ባልደውልስ መች ታውቃለህ?»

 «ለእኔስ ምንም አላለችም?» አልኩ በመጨረሻ፣ እንደ ልጅ።

ትርፌ የኬሻውን አፍ አጠፈች። «‹ሥራ በዝቶበት ነው› ብላለች።»

ሐሙስ ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። የእናቴን ስልክ ለእኔ ትተውልኛለች ብዬ ስጠብቅ ከነከረጢቱ ደረቷ ውስጥ ወሽቃ ተሳፈረች። ልጠይቃትም አፍ አልነበረኝም።

እሑድ ቁርጥ ቤት አልሄድኩም። ፍሬአብ ሁለት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም። አሮጌውን ስልክ ከቁም ሳጥኑ አወረድኩና በመዳፌ ጨብጬ ተቀመጥኩ፣ እናቴ ታደርገው ነበር እንደተባለው። ሦስት ሰዓት ላይ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጊዜ፣ ዝም አለ። ትርፌ ቤቷ ገብታለች። ዲቦራ ከጓዳ ፈጥና ወጣች፣ ስልኩን እኔ እጅ ላይ ስታየው በሩ ላይ ቆመች። ሁለት ጊዜ ደውዬ ዘጋሁ። ይኸው፣ በሰዓቱ፣ በገዛ እጄ አልኩ። ጥቂት ቀለል አለኝ።

ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጊዜ። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠራ።

ትርፌ እዚያ መንዝ ተቀምጣ ሦስተኛዋን እየጠበቀች ነው።

ስልኩን ለዲቦራ ሰጠኋት።