የታይስቶ ሞተርና የኦይቫ ምስማር

የመጨረሻው ብሎን ግን እምቢ አለ፣ ይበል፣ አርባ ዓመት ዝጎ የኖረ ብሎን በአንድ ጠዋት እሺ እንዲል ማን ጠበቀ፣ ኦይቫ ዘይት ጠብ ጠብ ያደርግበትና ይጠብቃል፣ መጠበቅ ያውቅበታል። ሞተሩ ከጀልባው መጠለያ ግድግዳ ወርዶ እንጨት ላይ ታስሯል፣ የታይስቶ ሞተር፣ የታላቅ ወንድሙ፣ አባታቸው በታይስቶ ቀብር ማግስት ሰቅሎ ጆንያ ካለበሰው ወዲህ ማንም ጣቱን አላሳረፈበትም፣ እናትየው ሁልዳ ከልክላለች። እሷው ናት ደግሞ ባለፈው ሳምንት የአጃ ዳቦዋን በሾርባ እያራሰች፣ ኦይቫ፣ ሳልሞት ያንን ሞተር አስነሳልኝ፣ ድምፁን ልስማው፣ ያለችው። ውስጡንም እይልኝ፣ ምን እንዳቆመው። ምን እንዳቆመው! እሱማ ይታወቃል፣ አገር ያውቃል፣ ምስማር ነው።

ምስማር። ኦይቫ አስራ አራት ዓመቱ ነበር፣ ሳያስፈቅድ ሞተሩን ወስዶ ከደሴቲቱ ጀርባ ከድንጋይ ጋር አላተመው፣ ውልብልቢቱን ከዘንጉ ጋር የምትይዘው የነሐስ ፒን ተሰበረች፣ ሥራዋ ነው፣ ድንጋይ ሲመጣ እሷ ተሰብራ ሞተሩን ታድናለች፣ መለዋወጫ መያዝ ነበረበት፣ አልያዘም፣ ከጀልባዋ ሳንቃ ቀጭን ምስማር ነቅሎ ሰካበትና ቤቱ ገባ፣ ትንፍሽ አላለም፣ ታይስቶ ይገድለኛል ብሎ። በማግስቱ ታይስቶ በዚያው ሞተር ሐይቁ ላይ ወጣ። ጀልባዋ ባዶዋን ሐይቁ መሐል ተገኘች፣ ታይስቶን ሐይቁ፣ ሳይማ፣ የመለሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። በቀብሩ ዕለት ኦይቫ አላስችለው ብሎ፣ እማ፣ ምስማር ነው ያስገባሁበት፣ አላት። ምንም አላለችም። ሰው ነው የተናገረው፣ ምስማሩ ተቀንጥሶ፣ ውልብልቢቱ መዞሩን ትቶ፣ ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን ሲመታት፣ ቦት ጫማውን አውልቆ ሊዋኝ ሲሞክር ነው እያለ። እሷ አርባ ዓመት ሾርባ አቅርባለታለች፣ ካልሲ ሠርታለታለች፣ ዐይኑን ግን አይታው አታውቅም፣ አሁን ደግሞ ዐይኗ ራሱ ጠፋ።

ላላ፣ እሰይ፣ ውልብልቢቱን ወደ ራሱ ይስባል፣ ምን ያስፈራሃል አንተ ሽማግሌ፣ የምታየው ግማሽ ምስማር ነው፣ ስታየው የኖርከው፣ በህልምህም በውንህም፣ በቃ። ቢጫ ነው። በእራፊ ጨርቅ ይጠርገዋል። ቢጫ። ነሐስ፣ ሙሉ፣ ያልተሰበረ፣ ያልጎበጠ። ታይስቶ ቀይሮታል፣ ያን ዕለት ጠዋት ሳይወጣ ቀይሮታል፣ እንዴታ፣ ውልብልቢቱን ሳይፈትሽ መች ወጥቶ ያውቃል፣ አንተ እንቅልፍህን ስትለጥጥ ምስማርህን ነቅሎ ውሃ ውስጥ ወርውሮታል፣ እየሳቀ ይሆናል። ኦይቫ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ይላል። እኔ አይደለሁም። ጮክ ብሎ ነው ያለው? እኔ አይደለሁም! ሚስት ያላገባው፣ በበጋው በዓል ሰው እሳት ዳር ሲጨፍር ጀርባውን ሰጥቶ የተኛው፣ ለዚያች ምስማር ነበር፣ እሷም አልነበረችም። ሩጥና ንገራት፣ ያቻት የሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ሩጥ እንጂ።

ታዲያ ምን አቆመው?

ቤንዚን አልቆበት ይሆናል፣ ይሁን፣ ያጋጥማል፣ ሳልባትዮውን ይከፍታል፣ እስከ ግማሹ ድረስ ቡናማ ሙጫ፣ አርባ ዓመት የደረቀ ቤንዚን፣ አላለቀም ማለት ነው። ካርቡሬተሩን ይፈታል፣ መንገድ ላይ ቀጥ ያለ ሞተር ቤንዚኑ እዚህም ይደርቃል፣ እዚህም ሙጫ ይሆናል፣ ስንቱን ፈትቶ አይቷል፣ ይሄኛው ንጹሕ ነው። ጣቱን አስገብቶ ያዞራል፣ ምንም። የመጨረሻዋን ጠብታ ጠጥቶ ነው የቆመው። በሁለቱ መሐል ያለው የቤንዚን መዝጊያስ፣ እየው፣ ዐይንህን አታሽሽ፣ ተዘግቷል። ጥርቅም ብሎ።

ማን ዘጋው? አባቱ የሞተር ነገር አያውቅም፣ እንደ መጣ ነው የሰቀለው፣ ኦይቫ ራሱ በሌላው ጫፍ ይዞለታል። እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ነው። ስማ አንተ እንጭጭ፣ ይል ነበር ታይስቶ፣ መዝጊያውን የምትዘጋው ቀኑ ሲያልቅ ብቻ ነው፣ ቤትህ ሃምሳ ሜትር ሲቀርህ፣ የቀረውን ይጠጣና ራሱ ይተኛል። ሃምሳ ሜትር። ሐይቁ መሐል ማን ቤት አለው? ቦት ጫማዎቹ ጀልባዋ ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው ነበር፣ ነፍሱን ሊያድን የቸኮለ ሰው ጫማ ይደረድራል? ታይስቶ ያን ክረምት በሙሉ ሾርባው ላይ አቀርቅሮ፣ ምን ሆነሃል ሲባል፣ ምንም፣ ደክሞኝ ነው። ደክሞኝ ነው። ማንም መልሶ አልጠየቀም፣ እነሱ ቤት ማን ማንን ይጠይቃል።

ኦይቫ! እናቱ ናት፣ በትሯ ሳንቃውን ኳ ኳ እያደረገ ቀረበ፣ በሩ ላይ ቆመች። ከፈትከው?

ከፍቼዋለሁ፣ እማ።

ንገረኛ። ምስማሩ ነው?

ይናገር፣ ለምን አይናገርም፣ ዕድሜውን ከፍሎበታል፣ ይናገርና ይገላገል፣ እሷ ደግሞ በሰማንያ ስድስት ዓመቷ፣ ሾርባ እየጨለፈችለት ያላየችውን ታይስቶን ዛሬ ትየው፣ ደክሞኝ ነው ሲላት ዳቦ ጨምር ያለችውን። እጁ የምስማሩ ጣሳ ውስጥ ነው፣ መቼ እንደገባ አያውቅም፣ ቀጭኑን ይመርጣል፣ በፒንሳ አጣሞ ይቀነጥሰዋል፣ አሮጌ ግራሶ ይቀባዋል።

ምስማሩ ነው፣ እማ።

አምጣው። መዳፏ ላይ ያስቀምጥላታል፣ በጣቷ የተሰበረበትን ደጋግማ ትዳብሳለች፣ ከዚያ ጭብጥ። ሌላኛው እጇ አየሩን እየፈለገ መጥቶ ፊቱን ያገኛል።

ልጅ ነበርክ፣ ትላለች። ያኔውኑ ልልህ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። ልጅ ነበርክ፣ የኔ ልጅ።

ግራሶ የነካው እጇ ጉንጩ ላይ ነው፣ ሞቃት ነው፣ አርባ ዓመት የፈለገው ይሄንኑ ነበር።

ድምፁስ፣ ትለዋለች፣ መቼ ታሰማኛለህ?

ትንሽ ይቆያል፣ እማ። ካርቡሬተሩ ቆሽሿል፣ ልጠበው። ንጹሑን ካርቡሬተር ቤንዚን ውስጥ ይነክራል፣ በጨርቅ ያሸዋል፣ ያሸዋል።