በእግር የሚሰማ ቤዝ

ካሣሁን ቤዝ ጊታር ሲጫወት ጫማውን ያወልቅ ነበር። ዶሮ ማነቂያ በነበረው አሮጌ የእንጨት ፎቅ ላይ እሁድ እሁድ ስንጫወት ያየን ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጫማውን የጊታሩን ድምፅ ከሚያጎላለት ሣጥን፣ ከአምፑ ጎን አስተካክሎ ያስቀምጥና በካልሲው ይቆማል። የፒያሳ ልጅ መቼም አፉ አያርፍም፤ «ካሣሁን፣ መስጊድ ነው ቤተ ክርስቲያን የገባኸው?» ይሉታል። «ሁለቱም ሞልተውብኝ ነው እዚህ የመጣሁት» ይላቸዋል። ይሳቃል፣ ዘፈኑ ይቀጥላል።

እኔ ድራም መቺው ነኝ። ተክለሃይማኖት እባላለሁ፣ ተክሌ ይሉኛል። ከካሣሁን ጋር ስንጀምር የሁለታችንም ፀጉር ጥቁር ነበር፤ አሁን የእሱ ነጭ ነው፣ የእኔ ደግሞ የለም። ሰው ሁሉ ቀልድ ያደረገውን የጫማ ነገር ምክንያቱን እኔ አውቀው ነበር። ጆሮው ሄዶ ነው፣ ልጆቼ። በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የወፉ ድምፅ ሄደ፣ ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ፣ ቀጥሎ የልጅ ልጁ ወሬ። ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ከንፈራችሁን ካየ የምትሉት ይገባዋል። ሙዚቃውን ግን የሚሰማው በእግሩ ነበር። የቤዝ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ እንጨት ውስጥ ይሄዳል፤ እኔ በእግሬ የምመታው ትልቁ ድራምም እንዲሁ። ያ አሮጌ ወለል የሁለታችንን ድምፅ አቀላቅሎ ከውስጥ እግሩ ሥር ያደርስለታል። ይህን ከሚስቱ ከአስካለና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ገበናዬን ሸፍንልኝ» አለኝ፤ ሸፈንኩለት።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ቤቱም ሄደ፣ የቤቱ ንብረት የነበረው አሮጌ አምፕም አብሮ ሄደ።

ብዙ ከተንከራተትን በኋላ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ አንድ አዲስ ሕንፃ ላይ አዳራሽ አገኘን። ባለቤቷ ወይዘሮ ጽዮን ትባላለች፤ ጨዋ ሴት ናት። መድረኳ ግን ጠባብ ነው። ቆጠረችንና «አራት ናችሁ? ሦስት ብትሆኑ እኮ ይበቃል። አሁን ቤዙን ኪቦርዱ በግራ እጁ ይጫወተው የለ?» አለች። አልዋሸችም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ባንድ እንደዚያ ሆኗል። የእኛ ኪቦርድ ተጫዋች ምኞት አቀረቀረ። ዘፋኛችን ሙሉእመቤት ግን አላቀረቀረችም።

«እኔ ያለ ካሣሁን አፌን አልከፍትም» አለች።

«እሺ በቃ» አለች ጽዮን፤ «የፊታችን እሁድ ከሰዓት በኋላ ተጫወቱና ልስማችሁ። አራታችሁም ካማራችሁ አራታችሁም ትቀጥላላችሁ።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ካሣሁን ያችን እሁድ ከተወጣት ቦታው የእሱ ነው። ካልተወጣት ቤዙን የምኞት ግራ እጅ ይወስደዋል።

ካሣሁን ከጽዮን ጋር ተጨባብጦ ጫማውን አወለቀና መድረኩ ላይ ወጣ። ሴራሚክ ነው፣ ከሥሩም ሲሚንቶ። ድራሙን እንድመታለት በአይኑ ጠቀሰኝ። መታሁ። እግሩን አንስቶ አስቀመጠ፣ ደግሞ አንስቶ አስቀመጠ።

«ምንም የለም» አለኝ ደረጃውን ስንወርድ። «መቃብር ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ።»

በማግስቱ አምፕ ፍለጋ ወደ አትክልት ተራ መውረጃ ወረድን። እዚያ አብዱልመሊክ የሚባል የሙዚቃ ዕቃ የሚያከራይ ሰው አለ። ወልቂጤ ተወልዶ ፒያሳ ያደገ፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። ገና ሲያየን «ኧረ የአራዳ ሽማግሌዎች! ዕርቅ ነው ወይስ ዕቃ?» አለን።

መጀመሪያ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ያመጣው ትንሽዬ ነበር። «ይኼ የዘመኑ ነው፣ ጋሽ ካሣሁን። እንደ ምሳ ዕቃ ይዘውት ይሄዳሉ። ጉልበቱን ደግሞ እንዳይንቁት! ከእሱ አንድ ገመድ የሁሉንም ድምፅ ወደሚደባልቀው ሚክሰር ይሄዳል፤ ለሕዝቡ የሚጮኸው የአዳራሹ ትልቁ ስፒከር ነው። መድረክ ላይ ያለው አምፕ ለእርስዎ ብቻ ነው፣ ራስዎን እንዲሰሙበት።»

ካሣሁን ከንፈሩን ሲያነብ ቆየና «ራሴን እንድሰማበት» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ቤዙን ሰክቶ ሞከረው። ጥርት ያለ ድምፅ ነው። እጁን ከላዩ ላይ ቢያደርግ አምፑ እንደ ትኋን ሩጫ ይነዝራል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ሁለተኛው አራት መካከለኛ ስፒከር ያለው ነበር። እሱ ይመታል፣ ደረት ላይ ይመጣል፤ ወደ እግር ግን አይወርድም። እኔ ለጆሮዬ ስለጣመኝ «ይኼ ይሁን» ልል ስል ካሣሁን ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠውን አየ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ኧረ እሱን ተዉት! ባለ አሥራ አምስት ኢንች ነው፣ አንድ ትልቅ ስፒከር ብቻ። ሣጥኑ ድፍን እንጨት ነው፤ ለማንሳት ሁለት ሰው፣ ለማውረድ ሐኪም ይፈልጋል። ማንም ተከራይቶት አያውቅም።»

ካሣሁን ጨርቁን ገፈፈው። ጎኑን ዳበሰ፣ ጀርባውን ዳበሰ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን በመዳፉ ነካ። አብዱልመሊክ ሳቁ አመለጠው።

«ጋሼ፣ አምፕ ነው የሚመርጡት ወይስ የፋሲካ በግ? ላቱን እኮ ዳበሱት!»

«ላት የሌለው በግ አልወድም» አለ ካሣሁን። ጫማውን አወለቀ፣ ሰክቶ አንዱን ወፍራም ክር ሳበ። መደርደሪያው ላይ የነበረው ብርጭቆ ተንጫጫ። ከአሮጌው ቤት ወዲህ አይቼበት የማላውቀው ነገር ፊቱ ላይ መጣ። አይኑን ጨፈነ።

«ይኼ ነው» አለ።

አምፑ ብቻውን ግን ሲሚንቶን አያናግርም። መፍትሔውንም እዚያው አገኘነው። ከሱቁ ጀርባ ከፈረሰ ቤት የወጣ አንድ አሮጌ በር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ወፍራም፣ የጥድ እንጨት። ወስደን አዳራሹ መድረክ ላይ አጋደምነው፣ ከሥሩ ትንንሽ እንጨት አስገባንና ከወለሉ ትንሽ ከፍ አደረግነው። አንደኛው ጫፍ ላይ አምፑን ጫንን፣ በሌላው ጫፍ ትልቁን ድራሜን አስነካሁ፣ ካሣሁን መሃል ላይ በካልሲው ቆመ። ቅዳሜ ልምምድ አደረግን። ልጆቼ፣ ያን ቀን የተጫወተውን በቃል ማስረዳት አልችልም። እኔ እግሬን ሳወርድ ጣቱ ክሩ ላይ ነው። ምኞት እንኳ ኪቦርዱን አቁሞ «ጋሽ ካሣሁን፣ ዛሬ ምን በልተው ነው?» አለ።

የአዳራሹ ድምፅ ተቆጣጣሪ ሚናስ የሚባል ሰው ነው። ሥራውን የሚወድ፣ ጨዋ ቤት ያሳደገው፣ ሽማግሌ ሲያይ ከወንበሩ የሚነሳ። ካሣሁን በሩ ላይ ሲቆም አየና «ጋሼ፣ በሩ ምንድን ነው?» አለ። ካሣሁን ፈገግ አለና «ልማድ ነው» አለው። ይኸው ነው የነገረው። ሌላ ምን ይበለው? ጆሮ የሌለው ሙዚቀኛ ነኝ ይበል?

እሁድ ስንደርስ አዳራሹ ሞልቷል። ሚናስ ደረጃው ላይ ተቀበለን፣ የካሣሁንን ጊታር ከእጁ ተቀበለ፣ ደስ እያለው ወደ መድረኩ መራን።

«ጋሼ፣ አሳምሬ ጠበቅኩዎት!»

በሩ የለም። በቦታው ወፍራም ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። አምፑ ደግሞ ከፍ ካለ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥሩ ስፖንጅ ተደርጎለት፣ እስከ ካሣሁን ወገብ ደርሶ ተቀምጧል።

«እርስዎን የሚያህል ሰው አሮጌ በር ላይ ቆሞ ቢጫወት ደግ አይደለም፤ ሰው ምን ይለናል?» አለ ሚናስ። «አምፑንም ከፍ ያደረግሁት ቁልፉን ሲነኩ እንዳይጎነበሱ ነው። ስፖንጁ እንዳያንቀጠቅጠው ነው። አሁን ድምፁ በቀጥታ ጆሮዎ ላይ ይመጣል።»

በሙያው ትክክል ነበር። ጆሮ ላለው ሰው ከዚያ የተሻለ አቀማመጥ የለም።

እኔ «በሩ የት ነው? መልሰው» ልል አፌን ስከፍት ካሣሁን ክንዴን ያዘኝ።

«ተው፣ ተክሌ።»

«ምን ማለትህ ነው? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም!»

«ለምን ቢለኝ ምን ልለው? ሰው ሁሉ እያየ? ለክብሬ ብሎ ነው የደከመው፤ እንዴት ብዬ አፈርስበታለሁ?» ከዚያ ወደ ሚናስ ዞረና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

ጀመርን። የመጀመሪያውን ዘፈን በአይኑ ተወጣው። እኔ ጉልበቴን አብዝቼ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፣ እሱ ከጉልበቴ ላይ አይኑን አያነሳም። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሰው ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ። በልቤ፣ ጊዮርጊስ፣ እባክህ አድርስልን እላለሁ።

ሦስተኛው ቀርፋፋ ዘፈን ነው። ሙሉእመቤት ድምፅዋን ትስበዋለች፣ እኔም አብሬ እለጥጠዋለሁ፤ ጉልበቴ ብዙ አይንቀሳቀስም። ደግሞ መብራቱን ቀነሱት። ካሣሁን አንገቱን ወደ እኔ አሰገገ፣ አላየኝም። ትንሽ ቀደመ፤ መቅደሙ ስለተሰማው ሳይሆን ስለጠረጠረ ጠበቀ፤ አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ቀረ። ሙሉእመቤት ዞር አለች። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ትከሻቸው ቆመ። ጽዮን ባንኮኒው ጋ ሆና ቅንድቧን ስትሰበስብ አየኋት።

የዚያን ጊዜ የምኞት ግራ እጅ ወደ ቤዙ ድምፅ ወረደች። በክፋት አይደለም፤ ዘፈኑ እየሰመጠ ነበር። ሚናስም ነገሩ ስላልገባው ጎንበስ ብሎ መጣ፣ ከአምፑ ኋላ እጁን ሰደደና የካሣሁንን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ዘጋው። ዘፈኑ ቀና አለ። ሰዉ ተመለሰ። ካሣሁን አይኑን እኔ ላይ እንደተከለ መጫወቱን ቀጠለ፤ ጣቶቹ ክሩን ይስባሉ፣ ክሩ ይርገበገባል፣ ከየትም ምንም አይወጣም።

እሱ አያውቅም። እኔ ግን አያለሁ። ምን ላድርግ? ድራም መቺ ዘፈን መሃል ተነስቶ አይሄድም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ተጨበጨበ። ካሣሁን ላቡን ጠረገና እጁን አምፑ ላይ ጣል አደረገ፤ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ለእጁ ቅርብ ነው። በሌላው እጁ አንዱን ክር ነካ። መዳፉን አስተካክሎ ደግሞ ነካ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። እኔ አይኔን ወደ ድራሜ መለስኩ። ከእኔ አልፎ ወደ ምኞት ግራ እጅ ሲያይ ግን ገባው።

ይወርዳል ብዬ ነበር። አልወረደም። ሁለት ዘፈን ቀርቶን ነበር። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ ቀና ብሎ፣ ለሰው ፈገግ እያለ፣ አንድ ጣት ሳያጎድል፣ ድምፅ በሌለው ጊታር።

ጽዮን እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ካሣሁን፣ መሃል ላይ ትንሽ ነገር ነበረች እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ቤዝዎ ሆዴ ውስጥ ገባ! በቃ፣ አራታችሁም የእኔ ናችሁ!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ» አለና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት።

እሷ ስትሄድ ሚናስና ምኞት አጠገባችን ቆመው ነበር፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም። ካሣሁን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጫማውን እያሰረ ነገራቸው፣ ስለ ጆሮው፣ ስለ በሩ፣ ሁሉንም። ሚናስ ፊቱ ጠቆረ።

«ለምን አልነገሩኝም? ጋሼ፣ ለምን?»

«ብነግርህ ታዝንልኝ ነበር። ሰው እያዘነልህ ቤዝ አይመታም።»

«ለሚቀጥለው እሁድ በሩን እመልሳለሁ። አምፑንም መሬት አወርደዋለሁ፤ እኔ ራሴ…»

«ተወው፣ ልጄ። ዛሬ ሴትዮዋ ሆዷ ውስጥ የገባው የማን ቤዝ ነው?» ወደ ምኞት ዞረ። ምኞት አልቅሶ ነበር። «ና ወዲህ፣ አንተ። ግራ እጅህ ትቸኩላለች። አልሰማሁህም፤ የሰዉን ትከሻ አይቼ ነው። ትከሻቸው ከተክሌ ቀድሞ ነበር የሚወርደው። ጠብቀው። ሽማግሌ ነው፣ ይደርሳል።»

«ወገቡን አሞታል፣ ከእንግዲህ አይጫወትም በላት» ብሎ ወደ ጽዮን እኔን ላከኝ። አምፑን ለአብዱልመሊክ መለስን።

በሚቀጥለው እሁድ ግን ካሣሁን መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ ከአስካለ ጋር፣ ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠ። ማኪያቶ አዘዘ። ከድራሜ ኋላ ሆኜ አየዋለሁ። በግራዬ፣ እሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ፣ ነፋስ የሚገባበት ይመስለኛል።

ሙሉእመቤት ያንን ቀርፋፋውን ዘፈን ጀመረች። ካሣሁን አይኑን ጨፍኖ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ማንቀሳቀስ ጀመረ፣ ቤዙን እየተጫወተ። መንገዱን አልሳተም፤ የትኛው ድምፅ ከየትኛው እንደሚከተል ያውቃል። ከእኛ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። እኛ የዘፈኑን አንድ ቤት ጨርሰን ስንዞር እሱ ገና እየመጣ ነው። አስካለ እጁን ልትይዘው ፈለገችና ተወችው።

እግሬን ያዝ አደረግሁት። ትንሽ ብቻ። ደግሞ ትንሽ። ሙሉእመቤት ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ የምመለከተውን አየችና ድምፅዋን ለጠጠችልኝ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ዘገዩ እኮ!» አለኝ ምኞት በጥርሱ መሃል።

አይኔ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ካሣሁን ጣቱን ሲያሳርፍ ጠብቄ፣ እግሬን አብሬው አወረድኩ።