ጉድሩን በኬርዋን ላይ የሣለቻቸው ክቦች

ጉድሩን በሞተች በአምስተኛው ወር ባሏ ኤካርት ሳታሳትመው የቀረችውን ጥናት በስሟ ለአንድ የሳይንስ መጽሔት ላከላት። ሁለቱም ሙንስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ሠላሳ ዓመት የሠሩ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ነበሩ። የእሷ ሥራ ሴሬስ በምትባለው ድንክ ፕላኔት ላይ ያለው ኬርዋን ነበር፤ የጠፈር አለት ወድቆ የቦደሰው፣ ወርዱ ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ። ከሥሩ ያለው መሬት በረዶ ስላለበት ጠርዙ በዘመን ብዛት ሟሽሿል፤ ወለሉም ሜዳ ሆኗል። የሜዳው ዕድሜ የሚገመተው በኋላ የወደቁ ትናንሽ አለቶች የተዉት ጠባሳ ተቆጥሮ ነው። ጠባሳው ከበዛ መሬቱ አርጅቷል። ጉድሩን ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠባሳው ዙሪያ ክብ ስትሥል ኖረች።

የመጽሔቱ ገምጋሚ በጨዋ ቋንቋ መለሰ። በምሥራቁ በኩል ያሉት ብዙዎቹ ክቦች ውስጣቸው ባዶ ነውና እንደገና ቢታዩ የሚል ነበር። ኤካርት በገነ። ለልጁ ለፍራውከ ደውሎ ሰውየው ዓይኑን ይታከም አላት። ከዚያ የጉድሩን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ካርታውን በኮምፒውተሯ ከፈተ።

በምሥራቅ በኩል የመጀመሪያው ክብ ያቀፈው ለጥ ያለ ሜዳ ነበር። ቀጣዩም እንዲሁ። ምናልባት ፀሐይ በሌላ ማዕዘን ስትመታው የተነሳ ምስል ላይ አይታው ይሆናል ብሎ ያሉትን ምስሎች በሙሉ አገላበጠ። ምንም የለም። ወደ መጨረሻው ግድም ክቦቹ የጉድጓዱን ጠርዝ አልፈው፣ ሴሬስንም አልፈው፣ ጥቁሩ ሰማይ ላይ ተሥለዋል።

ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ክብ የተሣለበትን ቀን መዝግቧል። ባዶዎቹ የጀመሩት ካቻምና መጋቢት ላይ ነው። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ያገኙት ግን ከዚያ በአሥራ አራት ወሩ ነበር።

ያን መጋቢት አስታወሰ። ጉድሩን አንድ ምስል ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ኤካርት፣ እስቲ አብረን እንየው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።»

እሱ ቀና እንኳ አላለም። «ሠላሳ ዓመት ቆጥረሽ ደግሞ ዛሬ እኔን ትጠይቂያለሽ?»

ሳቅ ብላ ሄደች። ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ባዶዎቹን ክቦች አንድ በአንድ ሲሰርዝ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በጅምላ እንዳይሰርዛቸው በመካከላቸው ትክክለኛዎቹም ነበሩ፤ አንዳንድ ቀን ደህና ታይ ነበር ማለት ነው። የተረፉት ዕድሜ ለማስላት አይበቁም። ሌላ ምስል የሚያነሳም የለም፤ ሴሬስን እየዞረች ታነሳ የነበረችው መንኮራኩር ነዳጇ ካለቀ ቆይቷል።

እሑድ ፍራውከ የፕለም ኬክ ይዛ መጣች። ጥናቱን ከመጽሔቱ ሊያስወጣው እንደሆነ ነገራት።

«ለምን?»

«ቁጥሩ አልበቃም።»

«ስድስት ዓመት የለፋችበትን?»

«አልበቃም አልኩሽ።»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ግን ከነገራት እሷም እንደሱ እነዚያን አሥራ አራት ወራት ስታስብ ልትኖር ነው። ኬኩን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ሞታም እንኳ አትራራላትም» አለች ፍራውከ። «ድሮም ለእማዬ እንዲህ ነህ።»

ኬኩን ሳትቆርሰው ካፖርቷን ደርባ ወጣች፤ ብስክሌቷን ከአጥሩ ስትፈታ በመስኮት አያት። ከዚያ ለመጽሔቱ ሁለት መስመር ጻፈ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ብዙ ቆየ፤ በመጨረሻ ባዶውን ተወው።