ጋሽ ማስረጃ ሳያጣራ ያመነው

ተማሪዎቹ «ጋሽ ማስረጃ» ይሉታል። የፊዚክስ መምህር ነው። አንድ ልጅ ተነስቶ ከመለሰ በኋላ ቶሎ አይቀመጥም፤ ቀጥላ የምትመጣውን ጥያቄ ያውቃታላ። «ማስረጃህስ?» መልሱ ልክ ቢሆንም ማስረጃ ከሌለው ግማሽ ማርክ ነው። አንዴ ዘግይታ የመጣች ተማሪ «አሞኝ ነው» ብትለው «ማስረጃሽስ?» አላት፤ ልጅቱ እዚያው ደፉ ላይ አስታወከች። ከዚያ ወዲህ ለሕመም ማስረጃ አይጠይቅም።

ይህ ሰው ሃምሳ ሁለት ዓመት በሞላው ሰሞን ሚስቱን መኪና ላስተምርሽ ብሎ ተነሳ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከቤታቸው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስትሰፋ ትውላለች፤ መኪና ሲባል ለእሷ የስፌቱ ብቻ ነበር። ቀድሞ «አስተምረኝ» ስትለው «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ሲሸነግላት የኖረ ባል፣ አሁን ከትምህርት ቤት እንደወጣ ቁልፉን እያንቃጨለ ደጇ ላይ ይገተራል።

«ተነሽ እንጂ!»

«ቀሚሱን ልጨርስ፤ ያሰፋችው ሴት ልትወስደው ትመጣለች።»

«ቀሚሱ እግር የለውም፤ የትም አይሄድም።»

በትምህርት ቤቱ የኳስ ሜዳ ላይ ያለማምዳታል። በመጀመሪያው ቀን የጎሉን ብረት ገጨችው። ሳህን ሲሰበር ሰፈር የሚያሰማ ሰው፣ ወርዶ የተጨራመተውን መከላከያ በእጁ ዳበስ አደረገና «ምንም አይደል፤ እንደገና» አላት። ከግጭቱ ይልቅ ያስደነገጣት ይህ ነው።

ነገሩ በመኪና አላበቃም። የውኃው መዝጊያ የት እንዳለ አሳያት። መብራት ሲጠፋ የትኛው ማብሪያ እንደሚነሳ አሳያት። ርዕሰ መምህር ሁን ሲሉት «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ መለሰ። የጫማው ሶል አፉን ከፍቶ እየሄደ «ኧረ ሌላ ግዛ» ብትለው «ይበቁኛል» አላት። እስከ መቼ ነው የሚበቁህ ብትለው ጎንበስ ብሎ ክሩን ማሰር ያዘ። ሌላ ከተማ የምትማረው ልጃቸው ደውላ «አባዬ፣ የሚመጣው ዓመት ስመረቅ ከፊት ወንበር ነው የምትቀመጠው» ስትለው ደግሞ «ያኔ እናያለን፣ የኔ ልጅ» ብሎ ስልኩን ለእናቷ አቀበለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደኋላ መንዳት ሲያለማምዳት፣ ሚስቱ መሃል ሜዳ ላይ መኪናውን አቆመች። የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ ቁልፉን ነቅላ በመዳፏ ጨበጠች።

«በል ንገረኝ» አለችው። «ሌላ ሴት ይዘሃል?»

«ኧረ በፈጠረሽ!»

«እንግዲያው ልትሞት ነው።»

ለቀልድ ያለችው ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። የመስኮቱን መስታወት ዝቅ አደረገ፤ መልሶ ከፍ አደረገ።

ከዚያ ነገራት። አባቱ በሚሠራበት ማተሚያ ቤት ደረቱን ይዞ እንደወደቀ ታውቃለች። የማታውቀው በለቅሶው ላይ የተባለውን ነው። ያኔ እሱ ገና ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጎረምሳ ነበር። ከኋላው የተቀመጠ፣ በድምፁ ሽማግሌ የሚመስል ሰው ለጎኑ ሰው «የሟቹ አባትም እንዲሁ በሃምሳ ሁለት ነው የሞቱት። የዚህ ቤት ወንድ ሃምሳ ሁለትን አያልፍም» ሲል ሰማ። ሽማግሌው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ዞር ብሎ አላየውም። ቃሉ ግን ገብቶ ተቀመጠ።

«ሐኪም ዘንድ ሄደሃል?»

«ባለፈው ወር። ልቤን በመሣሪያ አይቶ፣ ሮጥ ሮጥ አስደርጎኝ፣ የወጣት ልብ ነው ያለህ አለኝ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ አባቴንም ቢያዩት እንደዚያው ይሉት ነበር።»

«ቆይ እስቲ» አለች፤ ወደ እሱ ዞራ ተቀመጠች። «አንድ ተማሪ ሁለት ጊዜ ብቻ ለክቶ ‹ሕግ አገኘሁ› ቢልህ ስንት ትሰጠዋለህ?»

«ዜሮ።»

«አንተስ ከሁለት ሰው ሌላ ምን አለህ?»

«ምንም።» ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «አውቃለሁ እኮ። ብትጠይቂኝ ከንቱ ነገር ነው እልሻለሁ። ጫማ ልገዛ ሱቅ ስገባ ግን እግሬ ይመለሳል። አፌ አያምንም፤ እግሬ ያምናል።»

ሚስቱ ጸሎቷን ሳታደርስ ከደጅ የማትወጣ ሴት ናት። «ቀን የሚቆርጠው ፈጣሪ እንጂ ሃምሳ ሁለት አይደለም!» አለችው ቆጣ ብላ፤ ሞተሩንም አስነሳች። ይህን በድፍረት ነበር ያለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ባሏ ከሥራ ትንሽ በዘገየ ቁጥር መቀሷን ታስቀምጥና መንገድ መንገዱን ታያለች።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ «እቴቴን ሳላያት አልቅር» አላት። እቴቴ የአባቱ ታላቅ እህት ናት፤ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። «ሳላያት አልቅር» የሚለው አነጋገር ለሚስቱ አልጣማትም፤ ቢሆንም እሺ አለች።

ከከተማ ወጥተው መንገዱ ቀጥ ሲል መሪውን ለቀቀላት። ሁለት እጇን እንደ ችንካር አጣብቃ፣ አንገቷን አስግጋ ትነዳለች። የጭነት መኪና ባለፋቸው ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች።

«አንቺስ አትፈሪም?» አላት ድንገት።

«መኪናውን ነው?»

«እኔን። እንዳልሞትብሽ።»

አንድ የጭነት መኪና አሳለፈች። «እፈራለሁ» አለች ኋላ። «ጧት አምናለሁ ብዬ እጸልያለሁ፤ ማታ ትንፋሽህን አዳምጣለሁ። ድሮ እምነት ያለው ሰው አይፈራም ይመስለኝ ነበር። አሁን እንጃ። እየፈራሁም መጸለዬን አልተውኩም፤ ያለኝ ይኸው ነው።»

እጇን ቢነካት መሪውን እንዳትለቅ ፈራና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

እቴቴ ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ጡረታ ከወጣች ስንት ዘመኗ፤ ደጇ ሲንኳኳ ግን ዛሬም ከውስጥ «አቤት፣ ማንን ላገናኝልዎት?» ትላለች። ማዳመጫ ስታደርግበት የኖረችው ግራ ጆሮዋ ስለደከመ ሰው የምታስቀምጠው በቀኟ ነው። በመስኮቷ ላይ አበቦቿን በባዶ የወተት ቆርቆሮ ተክላ ደርድራለች። አቅፋ ሳመቻቸው፣ ሻይ አቀረበች፣ ሬዲዮውን ዘጋች፤ ከዚያ የወንድሟን ልጅ ትክ ብላ አየችው።

«ምን ሆነሃል? ጅብ ያየ አህያ መስለሃል እኮ።»

«ምንም አልሆንኩም፣ እቴቴ። መንገዱ ነው።»

«ምንም አልሆንኩም ይላል! እቴቴ፣ ሊሰናበትዎት ነው የመጣው» አለች ሚስቱ።

«የት ሊሄድ ነው?»

«ሊሞት።»

«መቼ?» አለች እቴቴ፣ የባቡር ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው።

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻለም፤ ያንን የለቅሶ ቤት ወሬ፣ አባቱን፣ አያቱን፣ ሃምሳ ሁለትን አንድ በአንድ ዘረገፈው። እቴቴ ቀኝ ጆሮዋን አዘንብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ወንድሜ በሃምሳ ሁለት ሞተ ያለህ ማን ነው?»

«ሁሉም ሰው። መሥሪያ ቤቱም እንደዚያ ነው የሚያውቀው።»

«መሥሪያ ቤቱማ ምን ያድርግ፣ ራሱ የነገራቸውን ነው የያዘው! ማተሚያ ቤቱ ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው አይቀጥርም ነበር። አባትህ ‹ሃያ አንድ ነኝ› ብሏቸው ገባ። ጢም እንኳ አላበቀለም! ያቺን የጨመራትን ዕድሜ ተሸክሞ ሞተ።»

መምህሩ ብርጭቆውን ወደ አፉ ሊያደርስ ብሎ መሃል ላይ ተወው።

«ትክክለኛው ስንት ነበር?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው! አንደኛ ክፍል የገባሁ ጊዜ ተወለደ፤ ሰባት ዓመት እበልጠዋለሁ። የሞተ ጊዜ ደግሞ ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ነበር የቀረኝ።»

«ጡረታ የወጣሽው በስንት ዓመትሽ ነው?»

«በሃምሳ አምስት ነዋ፤ እንደ ሰው ሁሉ።»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሚስቱ ታየዋለች። ሃምሳ አራት ሲቀነስ ሰባት። ቆም አለና እንደገና ቀነሰ።

«አርባ ሰባት» አለ በቀስታ።

«አርባ ሰባት!» አለች እቴቴ።

«አያቴስ?»

«አባቴን ተወው! ዕድሜውን ማን ነግሮት። በጠየቅነው ቁጥር መልሱ ሃምሳ ሁለት ነበር። እኔ ሳገባ ሃምሳ ሁለት፣ የበኩር ልጄን ስወልድ ሃምሳ ሁለት። ቁጥሯን ወዷት ነው መሰል። ሲሞት እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ታዲያ በሃምሳ ሁለት ከሞተ እኔን በስድስት ዓመቱ ነው የወለደኝ?»

መጀመሪያ የሳቀችው ሚስቱ ናት። ሳቋን ልትይዝ ነጠላዋን አፏ ላይ ብትጭነውም አመለጣት። እቴቴም ተከተለቻት። መምህሩ አፉን ከፍቶ አንዷን ካንዷ ያያል። አያቱን ያስታውሳቸዋል እኮ፤ ጥርስ የሌላቸው፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ነበሩ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በጣቱ የሚሠራትን ቅነሳ፣ እሱ ሰላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልሠራትም። አያቱ በሞቱ ጊዜ አባቱ ስንት ዓመቱ እንደነበር ከሃምሳ ሁለት ጎን አስቀምጦ አያውቅም።

ከዚያ ሳቁ እሱንም ያዘው። ከሆዱ ነው የመጣው፤ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ጎኑን እስኪይዝ ሳቀ።

«አርባ ሰባት ዓመቴማ አልፏል!» አለ እንባውን እየጠረገ። «አምስት ዓመት ሆነው! በዚያ ዓመት ምን ሆኜ ነበር?»

«ጥርስህን አሞህ ነበር» አለች ሚስቱ።

«በቃ? ጥርስ ብቻ?»

«ጥርስ ብቻ። እሱንም አስነቀልከው።»

ሳቁ በረድ ሲል ሚስቱ አገጯን በእጇ ደግፋ አየችው።

«ማስረጃህስ?» አለችው።

«የምን ማስረጃ?»

«እቴቴ የነገሩህን አመንክ እኮ። ወረቀት አላየህ፣ ምስክር አልጠራህ። ያ ምስኪን ሐኪም በመሣሪያ አይቶ ሲነግርህ እምቢ አልክ።»

መምህሩ አሰበ። «እውነትሽን ነው» አለ። «ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም። አሁን ደረቴ ቀሎኛል። እግሬም ያመነ ይመስለኛል።»

«ምኑ ነው የማይገባህ?» አለች እቴቴ። «ነገሩ የገባብህ በለቅሶ ቤት፣ በዘመድ መሃል ነው። በዘመድ በኩል የገባ በዘመድ በኩል ይወጣል። ሐኪሙ በየት አግኝቶት ያውጣልህ? ይልቅ ያኔውኑ መጥተህ ብትጠይቀኝ ኖሮ።»

«ከጠየቅኩሽ ልክ ነው ብትዪኝስ? ፈርቼ ነዋ።»

«አየህ!» አለች ሚስቱ። «የሚያስፈራውን ሳታጣራ ታምናለህ፤ ማጣራቱ ራሱ ያስፈራሃል።» ይህን ስትል ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታቸው ትንሽ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምስጋና መሆኑን ሁለቱም አውቀው ዝም አሏት። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር፤ የታሰረ ነገር የተፈታላት ይመስል ትከሻዋ ወርዷል። አጠገቡ ተቀመጠችና የሻይ ዳቦውን ሳትጠይቅ ከፊቱ አንስታ በላችበት።

እሱ ግን ብርጭቆውን በጣቱ እያዞረ አቀርቅሯል። ሳቁም የለም።

«ደግሞ ምን መጣ?» አለች እቴቴ።

«አርባ ሰባት...» አለ። «አሁን እኔ እበልጠዋለሁ ማለት ነው። በአምስት ዓመት። ሁልጊዜ ሳስበው ትልቅ ሰው ነው። ሽማግሌ ነው የሚመስለኝ። እኔ ግን በአርባ ሰባት ዓመቴ ገና...» አልጨረሰውም። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ አባቱ ሞት ሲያስብ፣ የሚያስበው ስለ ራሱ ሞት እንደነበር አሁን ገና ገባው። ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ፤ አልጠረገውም።

«አልቅስለት» አለች እቴቴ። «ልጅ ነበር ወንድሜ።»

ሚስቱ እጁን ያዘችለት። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ በአበቦቹ መሃል ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አርፏል። ታች መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል።

«እቴቴ» አለ ኋላ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ጠርጎ። «እንዴት እንደሞተ ሁሉም ነግሮኛል። ልጅ ሳለ ምን ዓይነት ነበር?»

የእቴቴ ፊት በራ። ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

«መዓት ነበር እንጂ! አንድ ቀን እናታችን ገበያ ሄዳለች፤ እሱን ጠብቂ ተብያለሁ። ዞር ስል የለም። ብጠራው መልስ የለም። ቀና ብል ከጎረቤታችን ጣሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ራቁቱን፣ የጎረቤታችንን ባርኔጣ አድርጎ! ‹ውረድ› ብለው ‹አልወርድም፣ እኔ ዳኛ ነኝ› አለኝ።»

መምህሩ ወደፊት አዘንብሎ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ያዳምጣል።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አላት።