የእትዬ መቀስ «ጥሩ ነው»

የሰፈሩ ሰው «እትዬ መቀስ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስሙን ያወጣላቸው ምላሳቸው ነው። ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ ትመጣና «ሆድሽን ሳቢው፣ ጨርቁ ምን በደለሽ!» ተብላ ትመለሳለች፤ ግን ሌላ ሰፊ ጋ አትሄድም። እጃቸው እንከን አያውቅማ!

ቁልፍ ይተክሉላቸው የነበሩት ባላቸው ሲሞቱ፣ እትዬ መቀስ የስፌት መኪናቸውን ከድነው ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። ውሸት ነው! እሳቸውን ያነቀዛቸው ዝምታው ነው። ወጡ ጨው ቢበዛበት «ጥሩ ነው»፤ ጣሪያው ቢያፈስም «ጥሩ ነው»። የአውቶቡስ ሾፌር የሆነችው ልጃቸው ቢጨንቃት፣ የአረጋውያን አእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ክሊኒክ ይዛቸው ሄደች።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የጋዋኑ እጅጌ ጣቶቹን የሚውጥ። ጥቂት ወራት እንዳከማቸው ልጅቷን ደስ ብሎት ጠራት።

«እናትዎ ይተኛሉ፣ ይበላሉ። በሕክምናው ረክተው እንደሆነ ስጠይቃቸው ‹ሁሉም ጥሩ ነው› አሉኝ። እንደሳቸው የረካ ታካሚ የለንም። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንጨርሳለን።»

ልጅቷ ክው አለች። እንዲህ እንዳሉ ከተሸኙ፣ የድሮ እናቷን ዳግመኛ እንደማታገኛት ታወቃት።

«ዶክተር፣ እናቴ ‹ጥሩ ነው› ካለች አልዳነችም ማለት ነው።»

ሐኪሙ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በቀጠሮው ቀን አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ቀሚስ ከተባለ! የሰፋችው ራሷ ናት፤ መሪ እንጂ መርፌ ይዛ አታውቅም። አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል፣ ጫፉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ቁልፎቹ ተኳርፈዋል። ሐኪሙ እያየ፣ እናቷ ፊት ቆማ ዞረች።

«እማዬ፣ ቀሚሴ እንዴት ነው?»

እትዬ መቀስ አዩት። «ጥሩ ነው። ያምርብሻል።»

ልጅቷ ዞራ ሐኪሙን አየችው። ሐኪሙም ነገሩ ገባው፤ ሞኝ አልነበረም። ሕክምናውን መጨረስ ቀረና መድኃኒቱን አስተካከለ። ከሁሉ በላይ ግን «ረክተዋል ወይ?» ማለቱን ትቶ ስለ ባላቸው ይጠይቃቸው ጀመር። መጀመሪያ ትንሽ አለቀሱ፣ ከዚያ ብዙ አለቀሱ። ልጅቷ ያንን የጉድ ቀሚስ በየቀጠሮው ትለብሳለች። የአውቶቡሱ ረዳት «እናንተ ቤት ሰፊ አልነበረም እንዴ?» እያለ ሲያሾፍባት ችላ ታልፈዋለች።

አንድ ጠዋት ሐኪሙ ሻይ አቀረበላቸው። ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ይሄ ሻይ ነው የዕቃ እጣቢ?»

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ወንበራችሁም ወገብ ይሰብራል! አንተም ልጄ፣ ሽማግሌ እያከምክ ምን ያንሾካሹክሃል? ይሄ እጅጌህስ? ጣትህን ፈላጊ ሰው ሊቀጠር ነው!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ደግሞ! ይህን ቡትቶ ማነው የሰፋልሽ? እጁ ይቆረጥ!»

«እኔው ነኝ፣ እማዬ» አለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ እየሳቀች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሐኪሙ ፈገግታውን ለመደበቅ እየታገለ፣ ድምፁንም ከፍ አድርጎ፣ «እንግዲያው በእኛ አልረኩም ማለት ነው?» አላቸው።

«ማን አለህ? ያልወደድኩትን ሰው ለመስደብ ምን አደከመኝ! ተባረክ፣ ልጄ። በል ጋዋንህን አምጣ፣ እጅጌውን ላሳጥርልህ።»

ቤት እንደገቡ የስፌት መኪናውን ገለጡት። ልጅቷን ቀሚሱን አስወልቀው፣ መነጽራቸውን ሰክተው ይተረትሩት ጀመር።

«ገና የመጀመሪያው ቀን ነው ጉዱን ያየሁት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አስቀያሚነቱስ ዓይን ያወጣ ነበር። ግን ለመናገር አቅሙ ከየት ይምጣ?»

ልጅቷ ባዶ ሆኖ በከረመው በአባቷ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

እትዬ መቀስ መርፌውን ክር አስገብተው ሰጧት። «በይ፣ ቁልፉን አንቺ ትከዪ።»

«አላውቅበትም እኮ፣ እማዬ።»

«አባትሽም ሲጀምር ካንቺ ብሶ ነበር» አሉና፣ ከት ብለው ሳቁ።