የጡሩንባ ነፊው ክቦች

ሐሙስ ጠዋት የእድሩ ዳኛ አቶ ሰብስቤ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ጋሽ ዱባለ ደጅ መጡ። ጋሽ ዱባለ ደፉ ላይ ተቀምጠው ከጫማቸው ጭቃ እየጠረጉ ነበር።

«ማን ሞተ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ለጊዜው ማንም። መነጽርህን አምጣ።»

ጋሽ ዱባለ የሰፈሩን ሞት ማወጅ ከጀመሩ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስተው ከአስፋልቱ እስከ ዳሞታ ተራራ ግርጌ በየደጁ ይቆማሉ። ጡሩንባውን ነፍተው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በወላይትኛ ይናገራሉ። አንዳንድ ደጅ ላይ ደግሞ በአማርኛ ይደግሙታል። የትኛው ደጅ እንደሆነ እንዳይረሱ በእድሩ መዝገብ ላይ፣ ከባለቤቱ ስም አጠገብ፣ በእርሳስ ትንሽ ክብ ያደርጋሉ። አሥራ አንድ ክብ አለ። ይህን አድርግ ብሎ ያዘዛቸው የለም። ሰው የጎረቤቱን ሞት በሚገባው ቋንቋ ይስማ ብለው ነው።

ስልኩ ላይ የነበረው የስም ዝርዝር ነው። ከላይ «በመካከላችን ያሉ መጤዎች» ይላል። የባለቤቱ ስም፣ የቤቱ አቅጣጫ፣ የቤተሰቡ ብዛት ተራ በተራ ተጽፏል። ከታች «ቅዳሜ ከሰልፉ በኋላ እንጎበኛቸዋለን» ይላል።

«ልጄ ናት ያሳየችኝ» አሉ አቶ ሰብስቤ። «በቴሌግራም ሦስት ሺህ ሰው አይቶታል። ፖሊስ ጋ ልሄድ ነው፤ ግን ማን እንደጻፈው አላወቅሁም።»

ጋሽ ዱባለ ትምህርታቸው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ። ሦስተኛዋ ጎረቤታቸው ይመኙሻል ናት። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አዎ፣ እኔም ገርሞኛል» አሉ አቶ ሰብስቤ። «መምህር ብሩ ምን ሊያደርግ እዚህ ገባ? እስከ ሰባት ቤቱ ወላይታ ነው።»

ጋሽ ዱባለ ምክንያቱ ገባቸው። ብሩ አዲስ አበባ ኖሮ ነው የተመለሰው። ልጆቹ ወላይትኛ አይሰሙም፤ ሚስቱ በአማርኛ ይድገሙልን ብላ ስለለመነቻቸው ክብ አድርገውበታል። ከዚያ ክብ በቀር ብሩን መጤ የሚያሰኝ ነገር የለም። እስከ መጨረሻው ቆጠሩ። አሥራ አንድ። ቅደም ተከተሉም የመዝገቡ ነው።

መዝገቡ ከቤታቸው የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባለፈው ወር የሟች ወንድማቸው ልጅ ቃለሕይወት «ኮምፒውተር ላይ ልጻፍላችሁ» ብሎ ሁለት ቀን ወስዶት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ለእድር በማሰቡ ኮርተው ላገኙት ሁሉ አውርተዋል። ክቡ ምንድን ነው ሲላቸውም «በአማርኛ የምጠራቸው ናቸው» ብለውታል።

«ፖሊስ ጋ ሂድ» አሉ። «ዝርዝሩን አሳያቸው። የጻፈውን እኔ ይዤው እመጣለሁ።»

አቶ ሰብስቤ ፊታቸውን አዩት። «ታውቀዋለህ?»

«ዛሬ ከሰዓት ትሰማለህ።»

ቃለሕይወት እንደ ወትሮው ባጃጅ ተራው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል።

«ብሩን ለምን ጻፍከው?» አሉት።

ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጋሽ ዱባለ ልጁ ቢክድ የሚሉትን በመንገድ ላይ አዘጋጅተው ነበር። እሱ ግን አልካደም።

«ክብ ነበረበት» አለ።

አጠገቡ ተቀመጡ። «ማን ነው የሚያዝህ?»

«የሚያዘኝ የለም። ወንድሞቼ ናቸው።»

«ስማቸውስ?»

«ስም አንጠራራም። አንዱን በድምፁ አውቀዋለሁ።»

«ፊቱን?»

«አላየሁትም።»

«ፊቱን ላላየኸው ሰው የይመኙሻልን ቤት አሳየኸው።»

ቃለሕይወት ፊቱ ተለዋወጠ። «የእናቴ ወንድም ሱቁ ተቃጥሎ ከሠራበት ከተማ ከነልጆቹ ሲባረር ማን ደረሰለት? ይኸው እኛ ቤት መሬት ላይ ይተኛል። አላዩትም?»

«አይቻለሁ። ሱቁን ያቃጠለችው ይመኙሻል ናት?»

«እሷ አይደለችም። ግን…»

ልጁ ሌላ ነገር አነሳ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በየቢሮው ሲቪ አስገባሁ። አንድ ሰው አልደወለልኝም። ያ በድምፁ የማውቀው የመረጃ ክፍል ኃላፊ አደረገኝ። ስጽፍለት ወዲያው ይመልሳል። እርስዎ አጎቴ ነዎት፤ በዚህ በየቀኑ ያልፋሉ። ‹ደህና ዋልክ› ብለውኝ ያልፋሉ።»

እውነት ነው፤ ያልፉ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ጡሩንባውን ያስተምሩኝ ሲላቸው «ይህ የተማረ ሰው ሥራ አይደለም» ብለው መልሰውታል። ያን ጊዜ ያከበሩት መስሏቸው ነበር።

«ዝርዝሩን ማጥፋት ትችላለህ?»

«ከእኔ ስልክ ይጠፋል። ከሌላው አይጠፋም።»

«እንግዲያው ተነስ። አሥራ አንድ ቤት አለብን።»

«ሄጄ ምን ልል?»

«የጻፍከውን።»

«ይገድሉኛል አጎቴ።»

«አብሬህ ነኝ። ክቡን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እኔም የምለው አለኝ።»

ጡሩንባ ነፊ በቀትር፣ ያለ ጡሩንባ፣ ያውም ልጅ አስከትሎ ሲሄድ ያየ ሁሉ ከደጁ ወጣ። «ማን ነው ጋሼ?» ይሏቸዋል። «ማንም» ይላሉ። አንድም ሰው አላመናቸውም።

ይመኙሻል ደጇ ላይ ለዳጣ የሚሆን ቃሪያ እየቀነጠሰች ነበር። ስታያቸው ሰፌዱ ከጭኗ ወደቀ። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«ወንድሜ ነው? ወንድሜ ነው አይደል?»

«ማንም አልሞተም ይመኙ። ይህ ልጅ የሚነግርሽ አለ።»

ቃለሕይወት መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ሲቆም ጋሽ ዱባለ አላገዙትም። «ቅዳሜ» የሚለውን ሁለቴ አለው። ከዚያ እሳቸው ስለ ክቡ ነገሯት።

ይመኙሻል የምታየው ልጁን አልነበረም። እሳቸውን ነው።

«በአማርኛ የሚደግሙልኝ ወላይትኛ የማልሰማ መስሎዎት ነው?»

«አባትሽ አይሰሙም ነበር።»

«አባቴ ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመቱ። እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት ጋሽ ዱባለ። በመጀመሪያው ጥሪዎ እነሳለሁ፤ አማርኛው እስኪደርስ ነጠላዬን ለብሼ ጨርሻለሁ።»

ይህን ያለችው በወላይትኛ ነበር። ጋሽ ዱባለ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዳልጠየቋት ገባቸው።

ወደ ልጁ ዞረች። «አባትህ ሲሞት ሦስት ቀን ንፍሮ ስቀቅል ነበር። እናትህን ጠይቃት። ስንት ልጅ አላት ብለህ ጻፍከኝ?»

«አራት።»

«አምስት ናቸው። ትንሿ ገና አልተመዘገበችም። እሷን እንኳ አላወቅሃትም፤ ተመስገን።» ሰፌዱን ከመሬት አነሳች። «ሂዱ። ሳይመሽ ሌሎቹ ጋ ድረሱ።»

መምህር ብሩ ሰምቶ ሳይጨርስ በሩን ዘጋባቸው። ዘጠነኛው ቤት ላይ ባለቤቱ ቃለሕይወትን አንገቱ ላይ ይዞ በጥፊ መታው፤ ጋሽ ዱባለ መሃል ገቡ፣ ሁለተኛው እሳቸው ላይ አረፈ። ሰውየው ደንግጦ ይቅርታ ሲላቸው «የእኔም ድርሻ ነው» ብለው አለፉ። አሥራ አንደኛው ቤት ሲደርሱ ከኋላቸው ሠላሳ ያህል ሰው ይከተል ነበር።

ከዚያ ቃለሕይወት ከአቶ ሰብስቤ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ቃሉን ሰጥቶ ዓርብ ረፋድ በአቶ ሰብስቤ ዋስትና ወጣ። ጋሽ ዱባለ በዚያው ጠዋት መዝገቡን ከፍተው ክቦቹን በላጲስ አጠፉ። እርሳሱ ለቀቀ፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው ጎድጓዳ ግን በጣት ይታወቃል።

ዓርብ ከሰዓት እድሩ ተሰበሰበ። አንዱ በር ዘግተን እንቀመጥ አለ፣ አንዱ ቤተሰቦቹ ለጊዜው ዲምቱ ከተማ ይሂዱ አለ። ፖሊስ አስፋልቱን እጠብቃለሁ ብሏል፤ የሰፈሩ መግቢያ ግን ብዙ ነው። ጋሽ ዱባለ መጨረሻ ላይ ተናገሩ።

«ድንኳኑን እንትከለው። ከየትም ቢመጡ ወደነዚያ ቤቶች የሚያስገባው አንድ መንገድ ነው፤ እዚያ አፉ ላይ።»

«ማን ሞቶ?» አሉ አቶ ሰብስቤ።

«በዚህ አገር ድንኳን በተተከለበት እየጮኸ የሚያልፍ የለም።»

«ሰው ሳይሞት? ውሸት ነው ዱባለ።»

«አንዋሽም። ለጠየቀ ሁሉ ማንም አልሞተም እንላለን።»

ቅዳሜ ጠዋት ካስማውን የመታው ቃለሕይወት ነው። አግዳሚዎቹን የተሸከሙት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ሽማግሌው፣ ሴቱ ከቤተክርስቲያኑም ከጸሎት ቤቱም መጥቶ ድንኳኑ ሞላ። መምህር ብሩ ማንንም ሰላም ሳይል ጥግ ላይ ተቀመጠ። ይመኙሻል ትንሿን አዝላ መጣች።

ሰባት ሰዓት ሲሆን የሰልፈኞቹ ጩኸት ፖሊስ ከሌለበት ከላይ በኩል ተሰማ። አርባ የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዱላ ይዘዋል። ከቅያሱ ሲታጠፉ ድንኳኑን አዩ። ጩኸቱ ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። አንዱ በልማድ ኮፍያውን አወለቀ፤ ጓደኛው ሲያየው መልሶ ሊያጠልቅ አለና ተወው።

ፊተኛው፣ ቃለሕይወትን ከባጃጅ ተራው የሚያውቅ ልጅ፣ ቀረብ አለ። «ቃሌ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?»

ቃለሕይወት ወደ ጋሽ ዱባለ ዞረ። ጋሽ ዱባለ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ለዚህ ጥያቄ ሲመልሱ የኖሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ግን መልሱን ለልጁ ተዉለት።

ልጁ ተነሳ።

«ማንም አልሞተም» አለ። «ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእድር መዝገብ ሰርቄ ነው የጻፍኩት። ጎረቤቶቼ ናቸው።» ወደ አግዳሚዎቹ በእጁ አመለከተ። «ቦታ አለ፤ ተቀመጡ።»

ከኋላ ያሉት ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ወደመጡበት ተመለሱ። ሁለቱ ቅያሱ ጥግ ላይ ሆነው በስልካቸው መቅረጽ ጀመሩ፤ እስኪመሽም ከዚያ አልተነሱም። ኮፍያውን ያወለቀው ዱላውን ከድንኳኑ ውጭ አጥሩ ላይ አስደግፎ ገባ። የሚቀመጥበት አጥቶ ሲዞር ይመኙሻል አየችው። ትንሿን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና፣ ፊቱን ሳታየው፣ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለችለት።