የወርቅአፈራሁ ሦስት ብስክሌቶች

ወርቅአፈራሁ መጋረጃ ነጋዴ ነው። ሱቁ ፒያሳ፣ ቤቱ አፍንጮ በር። አምና ላንጋኖ ሄዶ ሳለ ከሐይቁ ዳር ሁለት ሸምገል ያሉ ፈረንጆች አየ። የመጡበት መኪና ውስጡ አልጋና ምድጃ አለው፤ ከኋላው ሁለት ብስክሌቶች ታስረውበታል። ባልና ሚስቱ ጠዋት ብስክሌታቸውን ፈተው ይሄዳሉ፣ ሲመሽ አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ። ወርቅአፈራሁ ሐይቁን ትቶ እነሱን ሲያይ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

አዲስ አበባ ሲመለስ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሚኒባስ ገዛ። ወንበሮቹን አስነቅሎ አልጋ አስገባ፤ የጋዝ ምድጃ አስገጠመ፤ ከሱቁ ምርጥ የሆነውን ከፋይ መጋረጃ በየመስኮቱ ሰቀለ። ሰማያዊና ነጩንም ቀለም አስቀየረው። ሆኖም ሚኒባስ ቀለም ቢቀይርም ሚኒባስ ነው። ይዞት በወጣበት በመጀመሪያው ቀን ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ፍጥነቱን ቀዝቀዝ ሲያደርግ አንዲት ሴትዮ በሩን ከፍታ ገባችና አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«አራት ኪሎ ነው አይደል?» አለችው፣ ዘንቢሏን እግሯ ስር እያስተካከለች። ሁለት ሰዎች ተከትለዋት እየገቡ ነበር።

ወርቅአፈራሁ እንደ ስድብ ቆጠረው። «ብስክሌት ስለሌለው ነው» አላት ሚስቱን ትብለጽን። «ብስክሌት የተጫነበትን መኪና ታክሲ ነው የሚል የለም።»

«ብስክሌቱን ማን ሊነዳው ነው?»

«ማን ይነዳዋል አልኩ? ይጫናል ነው ያልኩት።»

ሦስት ብስክሌት ገዛ፤ ለራሱ፣ ለትብለጽና ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃቸው ለሊያ። እንደ ፈረንጆቹ ከኋላ ሊያስራቸው አስቦ ነበር፤ ግን ከፊት ለፊት የሚመጣ ሰው እንደማያያቸው ሲገባው ጣሪያው ላይ ብረት አስበየደና ቀጥ አድርጎ አቆማቸው። የመቀመጫዎቹን ላስቲክ እንኳ አላነሳም። ሊያ ግቢ ውስጥ ልሞክር ብትለው «ጎማው ይቆሽሻል» አላት።

«ላንጋኖ ስንደርስስ?»

«ላንጋኖማ አሸዋ ነው።»

ጉዞው ለጥምቀት ተቆረጠ። ትብለጽ በከተራ ዋዜማ፣ ነገ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ መንገድ ስለሚዘጋ በጠዋት በስድስት ኪሎ በኩል እንውጣ አለችው።

«በጠዋት ማን አለ?»

«መንገዱ ባዶ ነው እያልክ ነው?»

«እኮ።»

ትብለጽ የፈለገው ተመልካች መሆኑ ገባት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወጡ። ሰፈሩ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሷል። ወርቅአፈራሁ ኪሱ የበዛ ቁምጣና የሰሌን ባርኔጣ አድርጓል። ወደ ስድስት ኪሎ በመውጣት ፈንታ መሪውን ወደ ቁልቁለቱ፣ ወደ ፒያሳ አዞረ።

«ላንጋኖ በዚህ ነው እንዴ?» አለች ሊያ።

«ጋሽ ገብረዮሐንስን ሳንሰናበት አንሄድም» አለ። ጋሽ ገብረዮሐንስ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። በበዓል ፒያሳ ካፌ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ያዩትን ነገር አራዳ ሳይውል ሳያድር ይሰማዋል።

የሰፈሩ ወጣቶች ከአፍንጮ በር እስከ ድልድዩ ድረስ ባለ ሦስት ቀለም ሪባን ከምሰሶ ምሰሶ ወጥረው ነበር። ሚኒባስ ከስሩ እንደ ልቡ ያልፋል። ጣሪያው ላይ ብስክሌት የቆመበት ሚኒባስ ግን አያልፍም። የመጀመሪያው ገመድ የአባወራውን ብስክሌት መሪ ያዘ። ሰው ጮኸ። ወርቅአፈራሁ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አውለበለበ። ሁለተኛው ገመድ ተበጠሰ፤ ሰዎች እየሮጡ ተከተሉት።

«ሰማሽ?» አላት ትብለጽን ደረቱን ነፍቶ። «ብስክሌቱ፣ ብስክሌቱ ነው የሚሉት።»

ትብለጽ በጎን መስታወት ተመለከተች። ከኋላቸው ሪባኑ እንደ ሙሽራ ቬሎ አስፋልቱን እየጠረገ ይጎተታል።

«ወርቄ፣ አቁም። የሰፈሩን ጌጥ እየጎተትክ ነው።»

ያቆመው ግን ድልድዩ ጋ ሲደርስ ነው፤ ያውም ወጣቶቹ ከፊቱ ስለቆሙ። አለቃቸው ቴዎድሮስ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። «ጋሽ ወርቄ፣ ሰርግ አለብዎት እንዴ?»

«ገመዱን ዝቅ አድርጋችሁ የሰቀላችሁት እናንተ ናችሁ» አለ ወርቅአፈራሁ።

«ልክ ነዎት። ብስክሌት በመሬት ነው የሚሄደው ብለን ነው።»

ሳቁ ከበረደ በኋላ ፍርድ ተሰጠ። ብስክሌቶቹ ይወርዳሉ፤ ሚኒባሱ መሰላል ይሆናል፤ የበጠሰው ራሱ ይሰቅላል። ቴዎድሮስ መኪናውን ከምሰሶ ምሰሶ ቀስ እያለ ነዳው። ወርቅአፈራሁ በቁምጣው ጣሪያው ላይ ቆሞ ሪባን ይቋጥራል። ከታች ያሉት «ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ብስክሌት ያልፍበታል» ይሉታል። በዚህ መሃል ጋሽ ገብረዮሐንስ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ደረሱና ቀና ብለው አዩት።

«ተባረክ ወርቄ» አሉት ልባቸው ተነክቶ። «ለሰፈርህ እንዲህ ስትደክም ሳይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ወርቅአፈራሁ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አደረገ።

የመጨረሻውን ሪባን ሲያስር የከበሮ ድምፅ ተሰማ፤ ትራፊኮች መንገዱን ዘጉ። ሚኒባሱን ገፍተው አንድ ግቢ ውስጥ አስገቡት። ታቦታቱ እስኪመለሱ መውጫ የለውም፤ የላንጋኖ ነገር እዚያው አበቃ። ትብለጽ ከአንዱ ብስክሌት መቀመጫ ላይ ላስቲኩን ቀደደች፣ ነጠላዋን አደገደገች፣ ወጣችበት።

«ትችያለሽ እንዴ?» አለ ወርቅአፈራሁ።

«መቐለ ያደገ ልጅ ብስክሌት አይችልም?»

«ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ጠይቀኸኝ ነበር?» አለችና ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ጀመረችው። ሊያ የራሷን እየገፋች ከኋላዋ ሮጠች። የበዓሉ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ እልል ያሉም ነበሩ።

ወርቅአፈራሁ የራሱን ብስክሌት እየገፋ ብቻውን ተከተለ። ያየው ሁሉ «ምነው፣ ተነፈሰ?» ይለዋል። «አዎ፣ ተነፈሰ» ይላል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ በበዓል ያልዘጋ አንድ ጎማይስታ ይህንኑ ሰምቶ ከወንበሩ ተነሳና ጎማዎቹን በየተራ ጫን ጫን አደረጋቸው።

«ጌታዬ፣ ይሄ ጎማ ምንም አልሆነም።»

ወርቅአፈራሁ ግራ ቀኙን አየ። ቢያንስ አሥር ሰው ቆሞ ያዳምጣል።

«ቢሆንም ጨምርበት» አለው።

ቤት ሲደርስ ሊያ ጉልበቷ ተልጦ፣ እናቷ መቀመጫውን ይዛላት፣ ግቢውን እየዞረች ነበር። ወርቅአፈራሁ የራሱን ግድግዳ አስደግፎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከደጅ የመዝሙር ድምፅ ይሰማል። ብዙ ቆይቶ ተነሳ፣ የግቢውን በር በቁልፍ ዘጋ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ ትብለጽ ሄደ።

«እኔንም ያዢኝ» አላት።